አስቸኳይ፦ የአያቴ የጋዜጣ ቁራጭ እየተቀደደ ነው፤ ተከሳሹ ዘመዳችን ይሆን?

የልጅ ልጅ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ከአያቴ ሣጥን፣ ዳዊቷ ውስጥ ታጥፎ የተቀመጠ የድሮ ጋዜጣ ቁራጭ አገኘሁ። የወንጀል ዜና ነው። መናገሻ አውራጃ ውስጥ ሁለት ሰዎች በእርሻ ወሰን ተጣልተው አንዱ በዱላ ተመትቶ ቆስሏል። የመታው የ24 ዓመት ወጣት ተይዞ በዋስ ተለቀቀ ይላል። የወጣቱ የአባት ስም ከአያቴ የአባት ስም ጋር አንድ ነው! አያቴ ግን ነፍሷን ይማርና ዕድሜ ልኳን “ወንድም የለኝም” ነበር የምትለው። ወረቀቱን ስዘረጋው እጥፋቱ ላይ ተቀደደ። የዋሱ ስም ያለበት መስመር ለሁለት ተከፈለ። የአያቴ ታናሽ እህት እኛ ቤት ናቸው፣ ነገ በጠዋት ወደ ገጠር ይመለሳሉ። ቁራጩ ቀን የለውም፣ የጋዜጣው ስምም ተቆርጧል። አሁን በፕላስተር ልለጥፈው ነው።

ብራና፦
እንዳትለጥፊው! የፕላስተር ሙጫ ቆይቶ ወረቀቱን ያበላሸዋል፣ ልላጠው ብትይ ፊደሉን ይዞ ይነሳል። የጋዜጣ ወረቀት ከእንጨት ስለሚሠራ በብርሃን ቢጫ ይሆናል፣ ሲቆይም ይሰባበራል። ሁለቱን ቁራጭ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ አጋጥመሽ አስቀምጪ። ከላይ መስታወት ጣል አድርጊበት። ከዚያ ፎቶ አንሺ፤ ፍላሽ አጥፊ፣ መብራቱ ከጎን ይምጣ። ጀርባውንም አንሺ። ቀኑን የሚነግርሽ ብዙ ጊዜ ጀርባው ነው።

ጡረተኛ መምህር፦
ልጄ፣ ከመቸኮልሽ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ። የእኛ አገር የአባት ስም የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። በየትውልዱ ይቀየራል። አንድ የአባት ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች ወንድምና እህት ሊሆኑ ይችላሉ፣ ጨርሶ የማይተዋወቁም ሊሆኑ ይችላሉ። የሁለት ወንድማማቾች ልጆች ደግሞ የአባት ስማቸው ይለያያል፣ የሚገናኙት በአያት ስም ነው። ስለዚህ የወጣቱን የአያት ስም ሳታገኚ ዘመድ አትበዪው። የክርስትና ስምም አለ፣ የቤት ስምም አለ። ፊደሉም ያሳስታል። አንዱ በሐመሩ “ሐ” የጻፈውን ሌላው በሃሌታው “ሀ” ይጽፈዋል። መዝገብ ስትፈልጊ ሁሉንም ሞክሪ።

ቁልፍ፦
እናንተስ ታድላችኋል። ከእኔ አያት ሣጥን የወጣው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፣ እሱም የሌላ ሣጥን ቁልፍ ነው 😄

የልጅ ልጅ፦
ብራና፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ፕላስተሩን ትቼዋለሁ። ጀርባው ላይ ግማሽ ዜና አለ። “የአፍሪካ መሪዎች ጉባኤ በአዲስ አበባ ይከፈታል” የሚል ይነበባል። ጋሼ፣ የአያት ስም አልተጻፈም።

ሠፈርተኛ፦
ጀርባውን እዪ፣ ቀኑ ከዚያ ይገኛል።

ብራና፦
አይታዋለች እኮ፣ ከላይ አንብብ። የልጅ ልጅ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያው ጉባኤ ከሆነ የተከፈተው ግንቦት 14 ቀን 1955 ነው፣ ግንቦት 17 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ተፈረመ። “ይከፈታል” ካለ ጋዜጣው ከግንቦት 14 በፊት የወጣ ነው። የምትፈልጊው የጥቂት ሳምንታት እትም ነው ማለት ነው። ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ሄደሽ የሚያዝያና የግንቦት 1955 አዲስ ዘመንን ጠይቂ። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም የድሮ ጋዜጦች አሉ። አዲስ ዘመን ላይ ካጣሽው “የኢትዮጵያ ድምፅ”ን እዪ፣ “ፖሊስና እርምጃው” የሚባል የፖሊስ ጋዜጣም ነበር። የቀጣዮቹን ሳምንታት እትምም ሳታዪ እንዳታልፊ። ይሄ ዜና የሚያወራው ስለ መያዙ ነው። ፍርዱ ወጥቶ ከሆነ የሚገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ሠፈርተኛ፦
ቀበሌ ሄዳ ብትጠይቅስ? የድሮ ፋይል አይጠፋም።

ጡረተኛ መምህር፦
በ1955 ቀበሌ የሚባል ነገር የት ነበርና! ቀበሌ የመጣው ከደርግ ጋር ነው፣ በ1967። ይልቅ የአካባቢው ደብርና ዕድር ይሻላሉ።

እንዝርት፦
እኔ መነሻሽን ራሱን አልቀበለውም። ወጣቱ ወንድሟ ነው ብለሽ ጀመርሽ። ቅድመ አያትሽ መቼ ነው የሞቱት?

የልጅ ልጅ፦
ማይጨው ዘምተው አልተመለሱም። ምነው?

እንዝርት፦
ይሄን መጀመሪያ መንገር ነበረብሽ! ማይጨው 1928 መጋቢት ላይ ነው። በ1955 የ24 ዓመት ሰው የተወለደው 1931 ገደማ ነው። ከሞቱ ከሦስት ዓመት በኋላ እንዴት ይወልዳሉ? የዚያን ጊዜ ዕድሜ በግምት ይጻፍ ነበር፣ ልክ ነው። ግን 24 ያሉት ቢያንስ 26 ወይም 27 ካልሆነ በቀር አይሆንም። እኔ የማስበው አያትሽ ዜናውን ያስቀመጠችው ለተከሳሹ ብላ እንዳልሆነ ነው። ለቆሰለው ሰው ሊሆን ይችላል፣ ለዋሱም ሊሆን ይችላል። ለማያውቁት ሰው ዋስ የሚሆን የለም፤ ዋስ ዘመድ ነው፣ ጎረቤት ነው፣ አበልጅ ነው። የተቀደደው መስመር ላይ ምን ይነበባል?

የልጅ ልጅ፦
ሁለቱን ሳጋጥማቸው የዋሱ ስም “ወልደ” ብሎ ይጀምራል። ቀሪው እጥፋቱ ላይ ተልጧል። የአባቱ ስም ግን ሙሉ ነው... አሁን ነው ያየሁት፣ የወንድ አያቴ የአባት ስም ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

እንዝርት፦
እንግዲህ ባሏ ወይም የባሏ ወንድም ሊሆን ይችላል። አሁንም ሊሆን ይችላል ነው የምልሽ። እትዬን ስታናግሪያቸው ወረቀቱን ፊታቸው ዘርግተሽ “ይሄ ወንጀለኛ ወንድማችሁ ነው?” እንዳትዪ። የዱላ ፀብ በሽማግሌ ታርቆ፣ ካሳ ተከፍሎ፣ ዳግም እንዳይነሳ ተብሎ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ቡናው ላይ ቀስ ብለሽ “በጉባኤው ዓመት በመሬት የተጣላ ሰው ታስታውሳላችሁ? ማን ዋስ ሆነለት?” ብለሽ ጀምሪ። ከፈቀዱ ድምፃቸውን ቅጂ።

ጡረተኛ መምህር፦
ከእትዬ የአባቶችን ስም እስከ ቻሉት ቁጠሪ፣ እስከ ሰባት ቤት ከደረሱልሽ ትልቅ ሀብት ነው። የእናቶችንም ስም ጻፊ፣ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

የልጅ ልጅ፦
እሺ፣ እሺ። መኪናው 12 ሰዓት ይነሳል፣ 10 ሰዓት ላይ ቡና አፈላለሁ። እነግራችኋለሁ።

ብራና (ከአራት ቀን በኋላ)፦
የልጅ ልጅ፣ ምን አሉ እትዬ? ወረቀቱስ እንዴት ነው?

ቁልፍ፦
እኔም እየጠበቅኩ ነው።