የያሪስ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ስዊቹን ቤት ውስጥ መቀየር ይቻላል?

ያሪስ08
ሰላም ለሁላችሁም። መኪናው የ2008 ያሪስ ነው፣ ሞተሩ 1.5 ሊትር (1ኤንዚ የሚባለው)። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይረገጥ) ሲሆን ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ቤንዚን ትንሽ ሲረገጥ ይጠፋል። የዘይቱ መጠን በሁለቱ ምልክቶች መሃል ነው። የዘይት ማጣሪያው (ፊልትሮው) አካባቢ ያለው የዘይት ግፊት ስዊች ግን እስከ ሶኬቱ በዘይት ርሷል። ስንት ቁጥር ቁልፍ ይፈልጋል? ዘይቱ መገልበጥ አለበት? የስዊቹ ጥርስ (ብሎኑ የሚዞርበት መስመር) ላይ ቴፍሎን ይጠቀለላል?

ብሮንዚና
ሶኬቱ ውስጥ ዘይት ከገባ ስዊቹ አልቋል፣ መቀየሩ አይቀርም። መብራቱን የሚያበራው እሱ ነው ብለህ ግን አትደምድም ወንድሜ። ሲሞቅ ሚኒሞ ላይ ብቻ መብራት የእውነተኛ ግፊት ማነስ ምልክትም ነው፦ የቀጠነ ዘይት፣ የተበላ ብሮንዚና (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት መቀመጫ)፣ በጭቃ የተደፈነ የዘይት መምጠጫ ወንፊት።

መጀመሪያ ቁልፉን ኦን አድርገህ ሞተሩን ሳታስነሳ ሽቦውን ከስዊቹ ንቀል። መብራቱ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ማሳ (የመኪናውን ብረት፣ ማለትም ኔጋቲቩን) ነክቷል፣ አዲስ ስዊች ምንም አያደርግልህም። ከጠፋ ደግሞ ስዊቹን ስትፈታ በቦታው የግፊት ጌጅ (መለኪያ) አስገብተህ ለካ። ለዚህ ሞተር፣ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ቢያንስ 0.3 ባር፣ 3000 ዙር ላይ ከ1.5 እስከ 5.5 ባር ነው። ከዚያ በታች ከሆነ መኪናውን አትንዳው። ወፍራም 20-50 ዘይት ሞልቶ መብራቱን ማስተኛት የተለመደ ነው፤ ብሮንዚናው ግን መበላቱን አያቆምም።

ቡሶላ24
አሠራሩ ከባድ አይደለም፣ የሚያስቸግረው ቦታው ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ ክሪክ ላይ ብቻ ቆሞ ከሥር እንዳትገባ፣ መደገፊያ አድርግለት። ሞተሩ ለብ እስኪል ጠብቅና የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል። ሶኬቱን ስትነቅል ምላሷን ተጭነህ ጎትት እንጂ ሽቦውን አትሳብ፤ ዘይት የጠጣ ፕላስቲክ በቀላሉ ይሰበራል።

ቁልፉ 24 ጥልቅ ቡሶላ (ከላይ የሚለበስ ክብ ቁልፍ) ነው። የሌላ ፋብሪካ ስዊች ከሆነ 27 ሊሆን ስለሚችል ለካው። አጭር ቡሶላ የኤሌክትሪክ ጫፉን ይጫነውና ይሰብረዋል። ዘይት መገልበጥ አያስፈልግም፤ ሞተሩ ከቆመ ብዙም አይፈስም፣ ከሥሩ ጨርቅና ጣሳ ይበቃል። ስዊቹን ከመፍታትህ በፊት ዙሪያውን በብሩሽ አጽዳ፣ አለዚያ አሸዋው ቀጥታ ወደ ዘይቱ መንገድ ይገባል።

ኦሪጅናሉን ከፈለግህ የዕቃ ቁጥሩ በ83530 ይጀምራል። ባለሱቁ «ሁሉም ቶዮታ አንድ ነው» ቢልህም አሮጌውን ይዘህ ሂድና ጥርሱን አስተያይ።

ጥርስ_አዳኝ
ስለ ጥርሱ ልጨምር፣ ብሎኩን (የሞተሩን አካል) የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነውና። የጃፓኑ ጥርስ 1/8 ኢንች፣ ወደ ጫፉ የሚሾልና በኢንች 28 ጥርስ ያለው ነው። የአሜሪካኑ 1/8 ደግሞ 27 ነው። በዓይን አይለዩም፤ የማይገጥመውም መጀመሪያ ላይ በእጅ ጥቂት ይገባል፣ ከዚያ በቁልፍ ሲገፋ አሉሚኒየሙን ይልጠዋል። የጌጁ ማገናኛም ላይ ይኸው ነው። በእጅህ ቢያንስ ሁለት ሦስት ዙር ያለ ግትርነት ካልገባ አቁም።

ቴፍሎን አልመክርም። ቁራጩ ተቀዶ ወደ ዘይቱ መንገድ ሊገባ ይችላል። ይህ ስዊች ደግሞ ማሳ የሚያገኘው በገዛ ጥርሱ ነው፤ ቴፍሎን ሲበዛ መብራቱ ጨርሶ ላይበራ ይችላል፣ ያኔ ዘይት ቢያልቅም የሚነግርህ የለም። ሎክታይት 242 (የጥርስ ማጣበቂያ) ወይም ተመሳሳዩን ሁለት ሦስት ጥርስ ላይ ብቻ ቀባ፣ የመጀመሪያውን ጥርስ ባዶ ተው። ማጥበቂያው 15 ኒውተን ሜትር ነው፤ ቶርክ ቁልፍ ከሌለህ በአጭር እጀታ በአንድ እጅ። ጥርሱ ሾጣጣ ስለሆነ እስከ ጥጉ ድረስ አይገባም፣ ሁለት ሦስት ጥርስ ውጭ ቢታይ አትደንግጥ።

ያሪስ08
እናመሰግናለን። ከገጠምኩ በኋላ ወዲያው ላስነሳው?

ጥርስ_አዳኝ
አንድ ሰዓት ይድረቅ። እስከዚያ ሶኬቱን በኮንታክት ክሊነር እጠብ፤ ዘይቱ በሽቦው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ ሶኬቱንና ባትሪውን መልሰህ ቁልፉን ኦን አድርግ፣ መብራቱ መብራት አለበት፤ ካልበራ አታስነሳው፣ ወይ ሶኬቱ አልገባም ወይ ማሳ የለም። ሲነሳ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልጠፋ ወዲያው አጥፋው። ከጠፋ 10 ደቂቃ ሚኒሞ ላይ ተወውና በባትሪ መብራት እያየህ ስዊቹን ሥሩን በጣትህ ዳስሰው።