ለቅሬያችን ፒክአፕ ሲገዛ ምቾት ቅንጦት ነው ወይ?

የቅሬው ጸሐፊ፦
ሰላም ወገን፣ አሰላሙ አለይኩም። እንደምታውቁት ቅሬው፣ ማለት ዕድራችን፣ ፒክአፕ እንዲገዛ ተስማምተናል፣ ብሩም እዚህ ካለነውም ውጭ ካላችሁትም ተሰብስቧል። ያልተስማማነው የቱ ይገዛ ሚለው ላይ ነው። ባለፈው እሁድ ስንሰበሰብ ለሁለት ተከፍለን ነው የተለያየነው። ግማሹ የቶዮታ ላንድክሩዘር 79 ደብል ጋቢና ይሁን፣ ጠንካራ ነው፣ ሌላው ትርፍ ነው አለ። ግማሹ ደግሞ የቶዮታ ሃይሉክስ ወይ የአይሱዙ ዲማክስ ይሁን፣ ለተሳፋሪ ይሻላል አለ። መሀል ላይ አንድ ሰው ተነስቶ "የድሃ ብር ለምቾት አይወጣም" ካለ በኋላ ነገሩ ከረረ። መኪናው ሚሰራውን ላስታውሳችሁ፦ ህመምተኛና ወላድ ከቀበሌ ወደ አቀስታ፣ ከባሰ ወደ ደሴ፣ አስከሬን ከደሴ ወደ አገር ቤት፣ የለቅሶ ድንኳንና ድስት፣ በክረምት ማዳበሪያና ዘር። ምትሉትን እዚህ ጻፉ፣ ብሩ የሁላችንም ነው።

መካኒክ ከኮምቦልቻ፦
እኔ 79 ባይ ነኝ። ባለ 4.2 ሊትሩን ማለቴ ነው፣ 1ኤችዜድ ሚባለውን ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር። ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው፣ የናፍታ ፖምፓው በሜካኒካል ነው ሚሰራው፣ ከበርሜል የተቀዳ ናፍታ እንኳ ፊልትሮውን እየቀየርክለት ይሄዳል። አዲሶቹ ሃይሉክስና ዲማክስ ኮመን ሬይል ናቸው፣ ናፍታው ከ1,500 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው ኢንጀክተር ውስጥ ሚገባው፣ ትንሽ ውሃ ትንሽ ቆሻሻ ከገባ አራቱም ኢንጀክተር ሊሄድ ይችላል። ሐምሌ 2016 የዶላር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የመለዋወጫ ዋጋ ምን እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ፣ ደንበኛ ሂሳብ ስነግረው ቁልፉን ጥሎልኝ ሚሄድበት ቀን አለ። 79 ያለበት 70 ሲሪየስ በፈረንጅ 1984 የወጣ ነው፣ ቅርጹም ብዙ አልተለወጠም፣ ስለዚህ ዕቃው አይጠፋም። የቆመ መኪና ለማንም አይመችም ነው ምላችሁ።

የጉጉፍቱ ሹፌር፦
ወንድሜ ስራህን አከብራለሁ ግን አንተ መኪናውን ቆሞ ነው ምታየው፣ እኔ ደግሞ 17 አመት በደሴ መካነ ሰላም መስመር ላይ ቁጭ ብዬበታለሁ። ያ 4.2 ሞተር 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው፣ እሱም ባህር ጠለል ላይ። ቱርቦ፣ ማለት አየር ገፍቶ ሚያስገባለት፣ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አስር ፐርሰንት ገደማ ጉልበት ይጥላል፣ ጉጉፍቱ ከ3,000 በላይ ነው፣ እዛ ስትደርስ ወደ 90 ፈረስ ይቀርሃል። ሙሉ ጭነህ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው ሚወጣው። የሃይሉክስ 2.4 ቱርቦ አለው፣ 150 ፈረስ ነው፣ ዳገቱን ሳያስጨንቅ ይወጣል። ለህመምተኛ ደግሞ ሰዓት ራሱ ምቾት ነው።
ሌላው መሪው ነው። የ79 ፊት አክሰል አንድ ወጥ ስለሆነ አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲመታ ሌላውም ይሰማዋል፣ መሪው እጅህ ላይ ይመታሃል። ሃይሉክስም ዲማክስም ፊታቸው ለየብቻ ነው ሚጫወተው። ኋላ ላይ ግን ሶስቱም ባሌስትራ፣ ማለት የተደራረበ ዝርግ ብረት፣ ናቸው፣ እዚህ ላይ እንዳንሸዋወድ።

ወንድማችሁ ከዴንቨር፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ናፍቆቴ ይድረሳችሁ። እዚህ እኔ ስራ ላይ ሄቪ ዲዩቲ ሚባሉትን ነው ምነዳው፣ ፎርድ ኤፍ 250 እና ራም 2500። እውነት ለመናገር ሁለቱንም ነድቶ ወደ ትንሽ ፒክአፕ መመለስ ይከብዳል። ራሙ ከ2014 ሞዴል ጀምሮ ኋላው ባሌስትራ ሳይሆን ጥቅልል ሞላ ነው፣ ባዶውን ስትነዳው አይዘልም፣ ፎርዱ አሁንም ባሌስትራ ነው፣ ባዶ ሲሆን ጀርባህን ይመታሃል፣ ሲጫን ግን ይረጋል። ሞተራቸውም ኃይለኛ ነው፣ የራሙ 6.7 ሊትር ከሚንስ ስድስት ሲሊንደር፣ የፎርዱ 6.7 ቪ8። የፎርዱ ደብል ጋቢና ኋላ ወንበር ከትከሻ ትከሻ 1 ሜትር ከ65 ገደማ ነው፣ ህመምተኛ ጋደም ይልበታል። እኛ እዚህ ያለነው ተጨማሪ አዋጥተን ለምን አንዱን አንልክም?

መካኒክ ከኮምቦልቻ፦
አላህ ይስጥህ፣ ሀሳብህን ወደድኩት፣ ግን ተው። አንደኛ እነዚያ ሞተሮች ሰልፈሩ ከ15 ፒፒኤም፣ ማለት ከሚሊዮን 15 እጅ፣ በታች የሆነ ናፍታ ነው ሚጠይቁት፣ የጭስ ማጣሪያቸው በሌላ ነዳጅ ይደፈናል፣ እኛ ደግሞ ወረፋ ይዘን የተገኘውን ነው ምንቀዳው። ሁለተኛ ጭሱን ሚያጸዳው ዩሪያ ሚባለው ፈሳሽ ካለቀበት ኮምፒውተሩ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንስብሃል፣ ወላድ ጭነህ ገደል አፋፍ ላይ እንዲህ ሲያረግህ አስበው። ባዶውን 3 ቶን ያልፋል፣ ስፋቱ ያለ መስታወቱ 2 ሜትር ነው፣ ወደኛ ቀበሌ ምታስገባዋ ድልድይ ላይ አይሱዙ እንኳ ረዳቱ ወርዶ እየመራው ነው ሚያልፈው። መለዋወጫውን ማን ያመጣዋል? አንተው ከዴንቨር በሻንጣ?

ወንድማችሁ ከዴንቨር፦
የድልድዩን ረስቼው ነበር፣ ልክ ነህ። ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ እዚህ አገር ሰራተኛ ሙሉ ቀን ሚነዳው መኪና ስለሆነ ምቾቱን ማንም ቅንጦት አይለውም፣ የስራ ዕቃ ነው ሚሉት። "የድሃ ብር ለምቾት አይወጣም" ሚለው አልተዋጠልኝም።

የባቲ ነጋዴ፦
እኔ እንኳ ባላዋጣ ኖሮ ዝም እል ነበር። ምቾት ምቾት ምትሉት ለማን ነው? መጨረሻ ላይ ሚመቸው ሹፌሩና ጋቢና ሚቀመጠው ሊቀመንበር ነው። ትልቅ ስክሪን፣ የኋላ ካሜራ፣ የቆዳ ወንበር፣ ይሄ ሁሉ ከናንተና ከኔ ኪስ ነው ሚወጣው። እኔ በርበሬና ማሽላ ስጭን ኖሬያለሁ፣ የመኪና ዋጋው ካሶኒው፣ ኋላ ያለው መጫኛው ላይ ነው። ሲንግል ጋቢና 79 ገዝታችሁ ረጅም ካሶኒ ብታገኙ ድንኳኑም ማዳበሪያውም አንዴ ይገባል። ሰው ድሮም ካሶኒ ላይ ፍራሽ ተነጥፎለት ነው ሚሄደው።

ወለየዋ ነርስ፦
ወንድም ዓለም፣ ካሶኒ ላይ ፍራሽ ያልከው ላይ ልመልስልህ፣ ካሶኒ ላይም ኋላ ወንበር ላይም ከህመምተኛ ጋ ምቀመጠው እኔ ስለሆንኩ።
ባለፈው ክረምት አንዲት ወላድ ይዤ ከቀበሌ ወደ አቀስታ ሄድኩ። በኮንትራት የተገኘ ደብል ጋቢና ነበር፣ ስሙን አልጠራም። ከፍ ያለ ነው፣ መርገጫ የለውም፣ ምጥ ላይ ያለች ሴት ሁለት ሰው ብብቷን ይዞ አንድ ሰው እግሯን አንስቶ ነው የገባችው። ኋላ ወንበር ላይ በግራ ጎኗ አስተኛኋት፣ ጉልበቷ የፊቱን ወንበር ገፍቶ ታጥፏል፣ ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነው። ግሉኮሱን ምሰቅልበት መያዣ ጣራው ላይ ስለሌለ በቀኝ እጄ ከፍ አርጌ ይዤዋለሁ፣ በየጉድጓዱ የእጄ አጥንት ከጣራው ላሜራ ጋ ይጋጫል። ደም ስለሚፈሳት ሹፌሩን ፍጠን እለዋለሁ፣ ሲፈጥን ስትጮህ ደግሞ ኧረ በነቢ ቀስ በል እለዋለሁ። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። የደም ስሯ ላይ የተከልኩት መርፌ ሁለቴ ወጣብኝ፣ ሁለተኛውን ጊዜ መኪናውን አስቁሜ በስልክ መብራት ነው የመለስኩት። አልሃምዱሊላህ እሷም ልጁም ተርፈዋል፣ እኔ ግን ያ ጉዞ ከአይኔ አልጠፋም።
ስለዚህ ምቾት ስል ስለ ስክሪን አይደለም። ኋላ በር ምን ያህል ይከፈታል፣ መርገጫ አለው ወይ፣ ጣራው ላይ መያዣ አለው ወይ፣ የኋላ ወንበር መደገፊያው ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው ወይስ ትንሽ ወደኋላ ያለ፣ ጉጉፍቱ ላይ ሙቀቱ ኋላ ድረስ ይደርሳል ወይ። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ መኪና አትምረጡ ነው ምላችሁ።

የባቲ ነጋዴ፦
እህቴ አላህ ይማረኝ፣ ይሄን አላሰብኩትም። ሲንግሉን ትቻለሁ። የካሶኒው ጥያቄ ግን አለኝ።

የአቀስታ ልጅ፦
ኤሌክትሪክ ለምን አይታይም? ከጥር 2016 ጀምሮ መንግስት በነዳጅ ሚሰራ አውቶሞቢል አይገባም ብሏል፣ ነገሩ ወደዛው ነው ሚሄደው። ቢዋይዲ ሻርክ ሚባል ፒክአፕ ወጥቷል፣ ባትሪም የነዳጅ ሞተርም አለው፣ ኋላውም ባሌስትራ አይደለም፣ አራቱም ጎማ ለየብቻ ነው ሚጫወተው። ለምቾት ከሆነ ከሁሉም ይበልጣል ባይ ነኝ።

የጉጉፍቱ ሹፌር፦
ለምቾቱ አልከራከርህም፣ ግን ሚጭነው 790 ኪሎ ነው፣ አምስት ሰው ከገባ ለድንኳኑና ለድስቱ ሚተርፈው ግማሹ ነው። ደግሞ ያንን ባትሪ እዚህ ማን ከፍቶ ይጠግነዋል። ለከተማ ልጅ ጥሩ ነው፣ ለኛ መንገድ ገና ነው።

ሐጂ፦
ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ ናት ምትጽፍልኝ። እኛ ህመምተኛ በቃሬዛ ስንሸከም ነው ያደግነው። ስምንት ሰው ሆነን እየተቀያየርን፣ ማታ በፋኖስ። በቃሬዛ ያለ ሰው እንዳይንገላታ ፊት ያለው ዳገት ላይ ዝቅ ያረግ ነበር፣ ኋላ ያለው በትከሻው ከፍ ያረግ ነበር፣ የተኛው ሰው ደልደል እንዲል። ያን ጊዜ ይሄ ምቾት ነው ተው ያለን ሰው የለም። ህመምተኛውን የያዘው ነበር "ቁሙ" "ሂዱ" ሚለው፣ ስለዚህ እቺን ነርስ አስቀድሙ። ሌላው፣ አስከሬን ስናመጣ ቤተሰብ አብሮ ነው ሚሳፈረው፣ ለነሱም ወንበር ያስፈልጋል።

የቅሬው ጸሐፊ፦
ሐጂ እድሜ ይስጥልን። እንዳሉት እናረጋለን። ጋሼ ሹፌር፣ እርስዎ ቢገዙ የቱን ይገዙ ነበር? በቀጥታ ይንገሩን።

የጉጉፍቱ ሹፌር፦
በቀጥታ ሃይሉክስ ወይ ዲማክስ ደብል ጋቢና፣ በእጅ ማርሽ፣ ብዙ ጌጥ የሌለበትን። ከሁለቱ የትኛው ለሚለው ደሴና ኮምቦልቻ ዕቃው ቶሎ ሚገኘውን፣ እሱን መካኒኩ ይንገረን። በፈረንጅ 2023 79ም 2.8 ቱርቦና ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ መጥቶለታል፣ ጉልበቱ ተስተካክሏል፣ ግን ኋላ ወንበሩ ያው ቀጥ ያለ ነው፣ ሞተሩም ኮመን ሬይል ሆኗል፣ ስለዚህ መካኒኩ የወደደለት ነገር እዛ ላይ የለም።
ለየትኛው ነገር ብር ይውጣ ካላችሁኝ ኤርባግ፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ ሚያረገው ኤቢኤስና መንሸራተት ሚከላከለው ሲስተም ይኑረው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም ግን ሐረጎ ቁልቁለት ላይ 600 ሜትር ገደማ ነው ምትወርደው፣ ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ከፊትህ ያለው ሲኖትራክ መብራቱ ብቻ ነው ሚታይህ፣ እዛ ላይ ፍሬን ማይዝ መኪና ይዤ አላውቅም አልልም፣ ይዤ አውቃለሁ። ስክሪኑ ይቅር፣ የቆዳ ወንበር ይቅር፣ ቆዳው እንደውም ብርድ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ጨርቁ ይሻላል።
አንድ ደግሞ ብር ማይጠይቅ ነገር ልንገራችሁ። ባሌስትራ ለ1 ቶን ነው የተሰራው፣ ባዶ ሲሆን አይታጠፍም፣ ኋላ ያለው ሰው ሚዘለው ለዛ ነው። ህመምተኛ ብቻ ስጭን ካሶኒው ላይ ከኋላ አክሰሉ በላይ አራት ጆንያ አሸዋ አረጋለሁ፣ በደንብ አስሬ፣ ወደ 200 ኪሎ። የኋላ ጎማውን ነፋስ ደግሞ ወደ 30 ፒኤስአይ አወርዳለሁ። ጎሚስታዎቹ ሁሌ ለሙሉ ጭነት ነው ሚነፉት፣ ባዶ መኪና ላይ ድንጋይ ነው ሚሆነው። ማዳበሪያ ስጭን በሩ ላይ ወደተጻፈው ልክ እመልሰዋለሁ። ይሄን ሚያረግ ሹፌር ካልቀጠራችሁ የቱንም ብትገዙ ወላዷ ትንገላታለች።

መካኒክ ከኮምቦልቻ፦
የአሸዋው ነገር እውነት ነው፣ ሞክሬዋለሁ። እኔም ልለሳለስ፣ ሃይሉክስ ከሆነ ዕቃው በብዛት አለ፣ ግን ሁለት ነገር አስገቡልኝ። አንድ ተጨማሪ የናፍታ ፊልትሮ ውሃ መለያ ያለው እናስገጥም፣ ሁለት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይትና ፊልትሮ ከቅሬው ካዝና እንዲወጣ አሁኑኑ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ለዚህ ብር ካልተያዘ 79 ባይነቴ አይቀየርም። አሮጌም አትግዙ፣ በ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ግብሩ ከብዷል፣ ርካሽ ነው ብሎ ሚያመጣላችሁ ሰው ወረቀቱን ያሳያችሁ።

ወንድማችሁ ከዴንቨር፦
ፊልትሮውን፣ መርገጫውንና ጣራው ላይ ሚገባውን መያዣ እኛ እዚህ ያለነው እንችላለን። ጠንከር ያለ መታጠፊያ ቃሬዛም እልካለሁ፣ ካሶኒው በሸራ ከተሸፈነ ለጥ ብሎ መሄድ ላለበት ህመምተኛ ይሆናል። ልኩን ነርሷ ትላክልኝ።

የባቲ ነጋዴ፦
ሸራው ከተሰራ ካሶኒውም ለጭነት ይሆናል፣ በዚህ ተስማምቻለሁ። ግን በወሬ አንግዛ፣ እናስሞክር።

የቅሬው ጸሐፊ፦
እሺ፣ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ጢጣ ማደያው ጋ። አንድ 79 እና አንድ ሃይሉክስ ለግማሽ ቀን ተከራይቻለሁ፣ ዲማክሱን ሚያውሰን ካለ ይምጣ። በሁሉም ላይ እኩል ጭነት እናረጋለን፣ ጉጉፍቱ ድረስ ወጥተን እንመለሳለን። ፊት ወንበር ላይ ሹፌሩ ብቻ፣ ኮሚቴው በሙሉ ኋላ ነው ሚቀመጠው፣ እኔንም ጨምሮ።

ወለየዋ ነርስ፦
እኔ ግሉኮስ መስቀያውን ይዤ እመጣለሁ፣ በውሃ ሞልቼ ኋላ ሰቅዬው እሄዳለሁ። እናቴንም አመጣታለሁ፣ ወገቧን ካመማት አራት አመቷ ነው፣ ማንም ሳይደግፋት የትኛው ላይ መውጣት እንደምትችል እሷ ታሳየን።