የአባቴ የዓይን ሞራ ከኦዞን መሳሳት የመጣ ነውን?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ የ63 ዓመት ሰው ሲሆኑ ዕድሜያቸውን በእርሻ ያሳለፉ ናቸው። ባለፈው ወር የቀኝ ዓይናቸውን ሞራ እንደጋረደው በሕክምና ተነገረን። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ «የኦዞን ንጣፍ ስለተቀደደ ነው» ብላ ለአያቷ ካስረዳቻቸው ወዲህ ግን «ሰማዩ ተቀዶ የኔ ዓይን ቢጠገን ምን ይረባል» እያሉ ቀዶ ሕክምናውን ማዘግየት ጀምረዋል። በሱቄ ያለው አሮጌ ፍሪጅም ጋዝ ስለሚያፈስ ጥፋቱ የእኛም እንደሆነ ሰምቻለሁ። ቀዳዳው በእርግጥ ከእኛ በላይ ነውን? ቤተሰቤንስ እንዴት ልጠብቅ?

የፊዚክስ መምህር
ልጅዎ ግማሹን በትክክል ተምራለች። ኦዞን የተባለው ጋዝ በአብዛኛው ከምድር በላይ ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ የሚገኝ ሲሆን፣ ከፀሐይ የሚመጣውን አደገኛ የአልትራቫዮሌት ጨረር አብዛኛውን ክፍል ያስቀራል። በ1985 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት ቀዳዳ ግን በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ ነው፤ በየዓመቱም ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ ይታያል። በዚያ ክረምት ብርዱ እጅግ ከመክበዱ የተነሣ ልዩ ዓይነት ደመናዎች ይፈጠራሉ፤ ከፍሪጅ ጋዝና ከመሰል ኬሚካሎች የወጣው ክሎሪን በእነዚህ ደመናዎች ላይ ለጥፋት ይዘጋጅና የጸደይ ፀሐይ ስትወጣ ኦዞኑን ይበላዋል። «ቀዳዳ» ስንልም ንጣፉ እጅግ መሳሳቱን እንጂ የተበሳ ነገር መኖሩን አይደለም።

በእኛ በኩል ያለው ነገር ሌላ ነው። ከምድር ወገብ አቅራቢያ ያለው ኦዞን ሰው ምንም ሳያደርገው በተፈጥሮው ከሌላው ቦታ የሳሳ ነው፤ ፀሐይዋም እኩለ ቀን ላይ ከአናታችን በላይ ትሆናለች። በዚህ ላይ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ ከ10 እስከ 12 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ብዙ ጨረር ታገኛለች። ብርዱ ያታልላል እንጂ የደጋ ፀሐይ ለስላሳ አይደለችም።

የዓይን ጤና ባለሙያ
ሞራ ማለት በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ መደፈረስ ነው። ዋናው ምክንያት ዕድሜ ሲሆን፣ የስኳር በሽታ፣ ሲጋራ፣ በዓይን ላይ የደረሰ ጉዳትና ለብዙ ዓመታት የተጠራቀመ የፀሐይ ጨረርም ድርሻ አላቸው። የአባትዎን ሞራ ከእነዚህ የትኛው እንዳመጣው ለይቶ መናገር አይቻልም፤ ለሕክምናውም ለውጥ አያመጣም። የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል፤ ሞራን የሚያሟሟ ጠብታ ወይም ቅጠል የለም፣ ተጨምቆ ዓይን ውስጥ የሚገባ ቅጠል ደግሞ ቁስልና ኢንፌክሽን ያስከትላል። ሞራው እጅግ ሲበስል ቀዶ ሕክምናው ይከብዳል፤ የዓይን ግፊትንም ሊጨምር ስለሚችል እባክዎ ቀጠሮውን አያሳልፉ።

ጥቁር ቆዳ ከቆዳ ካንሰር በእጅጉ ይጠብቃል፤ ዓይንን ግን እንደዚያ አይጠብቅም። ስለዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ጠርዙ የሰፋ ባርኔጣ፣ አልትራቫዮሌትን የሚከላከል መነጽር ወይም ጃንጥላ ይጠቀሙ። ጥላዎ ከቁመትዎ ካጠረ ፀሐይዋ በርትታለች ማለት ነው። በቤተሰቡ ውስጥ አልቢኒዝም (የቆዳ፣ የፀጉርና የዓይን ቀለም በተፈጥሮ ማነስ) ያለበት ልጅ ካለ ግን ነገሩ የምቾት ጉዳይ አይደለም፤ ረጅም እጅጌ፣ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ዘወትር ያስፈልጉታል። ይህን ሰምታችሁ ሕፃናትን የጠዋት ፀሐይ ማሞቅ እንዳትተዉ፤ ለአጥንታቸው ያስፈልጋል።

ፍሪጅ ጠጋኝ
ከፍሪጁ ጀርባ፣ ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚገፋው ሞተር) ላይ ያለውን የጋዙን ስም የሚገልጽ ጽሑፍ ይመልከቱ። አር-12 የሚል ከሆነ ኦዞንን የሚጎዳው እርሱ ነው፤ አር-134ኤ ወይም አር-600ኤ ከሆነ ኦዞንን አይነካም። የሚያፈሰው ጋዝ የአባትዎን ዓይን አያሳውርም፤ በእሳት አጠገብ ግን መርዛማ ጭስ ስለሚሆን ቤቱን ያናፍሱ። የሚያፈስበት ቦታ ሳይደፈን ጋዝ እሞላለሁ የሚል ጠጋኝ ገንዘብዎን አየር ላይ ይበትነዋል። የቀረውንም ጋዝ ወደ ሲሊንደር እንዲሰበስበው ይጠይቁት፤ እውነቱን ለመናገር ግን መሣሪያው ያለን ጥቂቶች ነን።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጽሑፉ አር-12 ይላል። አባቴ አሁን «ታዲያ ሰማዩ ይጠገናል ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል።

የፊዚክስ መምህር
እየተጠገነ ነው ይበሏቸው። በ1987 (እ.ኤ.አ.) በተፈረመው፣ ኦዞንን የሚጎዱ ኬሚካሎችን ለማስቀረት በተደረገው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል በተባለ ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት የአር-12 ምርት በ2010 (እ.ኤ.አ.) በመላው ዓለም እንዲቆም ተደርጓል። ጋዙ በአየር ላይ መቶ ዓመት ያህል ስለሚቆይ የአንታርክቲካው ቀዳዳ ወደ 1980 (እ.ኤ.አ.) ሁኔታው የሚመለሰው በ2066 (እ.ኤ.አ.) ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። የእርሳቸው ዓይን ግን ይህን ያህል መጠበቅ አያስፈልገውም።