«የዓድዋ ምርኮ ነው» የተባለ ቬተርሊ ጠመንጃ፤ እንዴት ላረጋግጥ?

ቢኒ_ሜሪላንድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሮጌ የጦር ጠመንጃ በመሰብሰብ ገና ጀማሪ ነኝ። እዚሁ አሜሪካ ከኢትዮጵያ የመጣ የጣሊያን ቬተርሊ የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። «የዓድዋ ምርኮ ነው» ብሎ 1,800 ዶላር ጠራልኝ። ሰደፉ ተሰንጥቆ በጥሬ ቆዳ ተጠፍሯል። ብረቱ ላይ «ብሬሻ» የሚል ጽሑፍና 1884 የሚል ዓመት ይነበባል። ለአባቴ ልሰጠው ነው ያሰብኩት። አባቴ የዓድዋን ወሬ አውርቶ አይጠግብም፤ ውሸት ይዤለት መሄድ አልፈልግም። ምኑን ልይ?

አሮጌ_ብረት፦
ወንድሜ ቢኒ፣ ብር ሳትቆጥር በፊት አፈሙዙን እይ። ዓመቱ ብቻውን አይበቃም። ዓድዋ ላይ አብዛኛው የጣሊያን ጦር የያዘው ቬተርሊ መሆኑ እውነት ነው። ካርካኖ የሚባለው አዲሱ የ1891 ጠመንጃ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ወጥቶ ነበር፤ ግን የተከማቸው የድሮ ጥይት እንዲያልቅ ተብሎ ወታደሩ በአሮጌው ተላከ። ያ ጠመንጃ 70/87 የሚባለው ነው። ጥይቱ 10.35 ሚሊ ሜትር፣ ካዝናው አራት ጥይት የሚይዝ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣሊያን ጠመንጃ አጠራት። ከ1915 ጀምሮ አሮጌዎቹን ቬተርሊዎች አውጥታ አፈሙዛቸው ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገባችና 6.5 ሚሊ ሜትር የካርካኖ ጥይት እንዲተኩሱ አደረገች። ካዝናውም ተቀይሮ ስድስት ጥይት የሚይዝ ሆነ። ብረቱ ላይ ያለው የድሮ ዓመት ግን አልተነካም። ስለዚህ 1884 የሚል ጽሑፍ ይዞ ከ1915 በኋላ የተለወጠ ሞልቷል። ዓድዋ ላይ ተማርኮ አገራችን የቀረ ጠመንጃ ደግሞ ጣሊያን ተመልሶ ሊለወጥ አይችልም።

አሁን እንዲህ አድርግ። መቀርቀሪያውን ከፍተህ ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ከዚያ ተራ እርሳስ በአፈሙዙ በኩል ሞክር። 10.35 ከሆነ እርሳሱ እየተንገዋለለ ይገባል። 6.5 ከሆነ አፉ ላይ ይቆማል። የተለወጠው ላይ መብራት ብታበራ ክብ ውስጥ ሌላ ክብ ታያለህ፤ የቱቦው ጠርዝ ነው።

የወጅግራ_ልጅ፦
አሮጌ_ብረት ያለው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ 10.35 ሆኖ ቢገኝ እንኳ «ምርኮ» ለማለት አትቸኩል። ከጦርነቱ በፊት ጣሊያን ራሷ ለምኒልክ ጠመንጃ ሰጥታለች። ከወረቀት ወይም ከቤተሰብ ታሪክ ውጭ ማን ከማን እንደማረከው ብረቱ አይነግርህም።

አባትህ ዓድዋን ከወደዱ ደግሞ ለምን ወጅግራ አትፈልግላቸውም? ብዙ የኛ ሰዎች እሱን ይዘው ተዋግተዋል። የፈረንሳይ የ1874 ሥሪት፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ አንድ ጥይት የሚጎርስ። «ሴንት ኤቲየን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ብዙ ነው። ሲነሳ ክብደቱ ራሱ ደስ ይላል!

ቢኒ_ሜሪላንድ፦
ዛሬ ሄጄ ሞከርኩት። እርሳሱ አልገባም። ክቡም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሻጩ ዝም አለ፤ ቆይቶ ወደ 700 ወረደ። ልተወው ወይስ ልግዛው? ከገዛሁትስ ቆዳውን አንስቼ ሰደፉን ላሳድሰው?

አሮጌ_ብረት፦
ዋጋው ከተስማማህ ግዛው፤ ግን በራሱ ታሪክ። እንዲህ ያለው የተለወጠ ቬተርሊ ጣሊያን በእኛ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. ስትወረን ከቅኝ ግዛት ወታደሮቿ ጋር የገባ ሊሆን ይችላል። አርበኛ እጅ ገብቶም ይሆናል። ለአባትህ ይህንኑ «ሊሆን ይችላል» ብለህ ንገራቸው።

ቆዳውን እባክህ አትንካ! ያን ቆዳ እርጥብ ሳለ ጠምጥሞ፣ ሲደርቅ እንጨቱን ጥርቅም አድርጎ እንዲይዝ ያደረገ የአገራችን ሰው ነው። ጠመንጃው ኢትዮጵያ ስለመኖሩ ያለህ ዋናው ምስክር እሱ ነው። አሸዋ ወረቀትም ቫርኒሽም አታስጠጋ። ብረቱን በዘይት በራሰ ጨርቅ ጥረግ፣ በቃ።

እንዳይተኮስበት ለአባትህም ለወንድሞችህም ንገር። መቀርቀሪያው የተሠራው ለድሮው ደካማ ባሩድ ነው፤ የ6.5 ጥይት ግፊት ይከብደዋል። በፌዴራል ሕግ እስከ 1898 የተሠራ ጠመንጃ እንደ ቅርስ ስለሚታይ ግዢው ቀላል ነው። የክፍለ ግዛትህን ሕግ ግን ለብቻው ጠይቅ።