የቀለብ ውሳኔ በእጄ አለ፣ ገንዘቡ ግን የለም

ሰላም ለሁላችሁ። ሕግ የምታውቁ ወይም በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ እርዱኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከባለቤቴ በፍርድ ቤት ከተፋታን ወዲህ የ9 እና የ5 ዓመት ልጆቻችን ከእኔ ጋር ናቸው። በወር 4,000 ብር ቀለብ ተወስኖ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይገባልኝ ነበር። ዘንድሮ ሥራውን ለቀቀና የሜትር ታክሲ ይነዳል፤ መኪናዋ በወንድሙ ስም ናት። ስደውልለት «ደመወዝ የለኝ፣ ከየት ላምጣ?» ይለኛል። ነዳጁን ከየት እንደሚያመጣው እንጃ!

የእኔ ደመወዝ ተቆራርጦ እጄ የሚገባው 9,500 ብር ነው። የኮንዶሚኒየሙ የባንክ ዕዳና የትምህርት ቤት ክፍያ ሲወጣ የሚተርፈው ለአስቤዛም አይበቃ። እናቴ መጥታ ልጆቹን ባትይዝልኝ ሥራዬንም እተው ነበር፤ የስኳር መድኃኒቷ ደግሞ በእኔ ነው። ዕቁቡን ላቋርጥ ስል ሰብሳቢው «የጣልሽውን የምትወስጂው በመጨረሻው ዙር ነው» አሉኝ።

የአፈጻጸም መዝገብ (ውሳኔው በግድ እንዲፈጸም የሚጠየቅበት) ብከፍት ቋሚ ደመወዝ የሌለው ሰው ገቢ በምን ይረጋገጣል? ታክሲው የሚጠራበት የስልክ መተግበሪያ የክፍያ መረጃ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይመጣል? በስሙ ያልሆነች መኪናስ ትታገዳለች? ከሁሉ ያስደነገጠኝ፣ ሦስት ወር ያለፈው ውዝፍ ቀለብ አይጠየቅም የሚባለው ነው። በቤተሰብ ሕጉ (አዋጅ 213/1992) እውነት እንዲህ ነው? እሱስ ቀድሞ «ይቀነስልኝ» ብሎ ቢያመለክት?

የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነጻ ያግዛል ብለውኛል። የውሳኔው ግልባጭና የልጆቹ የልደት ካርድ አለኝ፤ ሌላ ምን ይዤ ልሂድ?