ሪድ ላይ ድርቅ የሚለው ሶኬት

ሰላም ወገኖች፣ ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት። ለአንድ የጤፍ መጋዘን በሲ ቋንቋ ትንሽ ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው። ሁለት ሚዛኖች ክብደቱን በኔትወርክ ይልካሉ፣ የኔ ሊኑክስ ኮምፒውተር ይቀበላል። አንዱ ዝም ሲል ሌላው እንዳይጠብቅ ብዬ አዲስ ግንኙነት የሚያዳምጠውን ሶኬት (ፕሮግራሙ በኔትወርክ የሚገናኝበትን በር) በኤፍሲኤንቲኤል ጥሪ ኦ-ኖንብሎክ፣ ማለትም ቆሞ የማይጠብቅ፣ አደረግኩት።

ግንኙነቱን የሚቀበለው አክሰፕት ደህና ነው። የሚገናኝ ከሌለ ወዲያው -1 ይመልሳል፣ የስህተት ቁጥሩ ኤርኖም ኢ-አጌን (ቆይተህ ሞክር) ይላል። ጉዱ ከዚያ ወዲያ ነው። ሚዛኑ ተገናኝቶ ምንም ሳይልክ ሲቀር ፕሮግራሙ ዳታ በሚያነብበት በሪድ ላይ ድርቅ ይላል። ትናንት ገበሬዎቹ ከነጆንያቸው ተሰልፈው እኔ ኮንትሮል ሲ ስጫን ዋልኩ። አፈርኩ! የፕሮግራሙን ጥሪዎች በሚያሳየው በኤስትሬስ ሳየው የመጨረሻው መስመር ሪድ ይልና ቅንፍ ከፍቶ፣ 5 ቁጥርን ጽፎ፣ ሳይዘጋው ቁጭ ብሏል።

አክሰፕት የሚሰጠኝ አዲሱ ሶኬት የእናቱን፣ የሚያዳምጠውን ሶኬት፣ ፍላግ (እንደ ኦ-ኖንብሎክ ያለውን ምልክት) አይወርስም እንዴ? ለእያንዳንዱ የነበረውን ፍላግ በኤፍ-ጌትኤፍኤል አንብቤ፣ ኦ-ኖንብሎክን ጨምሬ፣ በኤፍ-ሴትኤፍኤል ልመልስ? ወይስ ፍላግ አብሮ በሚቀበለው በአክሰፕት4 ላይ ሶክ-ኖንብሎክ ብሰጠው ይበቃል? ሳያነቡ መጻፍ የነበረውን ፍላግ እንደሚያጠፋ እንኳ ተምሬበታለሁ። ባለፈው የሎግ ፋይሌ ኦ-አፔንድ (መጨረሻው ላይ ጨምር የሚለው ፍላግ) እንዲሁ ጠፍቶ ሁለት ፕሮሰሶች አንዱ የሌላውን እየደመሰሰ ጻፈ።

ያልተነበበ ስንት ባይት እንዳለ የሚነግረውን ፊዮንሪድንም በአይኦሲቲኤል ጥሪ ሞክሬዋለሁ። 0 ባይት ይለኛል። ሚዛኑ ዝም ብሎ ይሁን ገመዱ ተነቅሎ አይለይልኝም።

ለቅዳሜ ገበያ አደርሳለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። የምታውቁ እባካችሁ ድረሱልኝ።