ኢሜጅ የተመለሰበት አዲስ ሃርድ ዲስክ «ባድ ሴክተር» አለው የሚለው ለምንድን ነው?

ጠያቂ (ሜክሲኮ አካባቢ)

ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ባለ አነስተኛ የሂሳብ ሥራ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተሮቹን የምከታተለው እኔ ነኝ። የፒችትሪ (የሂሳብ መዝገብ ፕሮግራም) ዳታ ያለበት ባለ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ፣ መብራት ደጋግሞ ከጠፋበት ሰሞን ወዲህ መንቀራፈፍ በመጀመሩ፣ የሰኔ 30 መዝጊያ ሳይደርስ ሙሉ ኢሜጁን (የይዘቱን ሁሉ ቅጂ) በውጭ ዲስክ ላይ ወስጄ አዲስ በተገዛ ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ላይ መለስኩት። ዊንዶውስ ያለምንም ችግር ተነሣ። ይሁን እንጂ ቼክዲስክ የተባለውን የዊንዶውስ የዲስክ መመርመሪያ ሳስኬድ በውጤቱ ግርጌ 64 ኪሎባይት ባድ ሴክተር መኖሩን አሳየኝ። ሃርድ ዲስክ የተበላሸ ሴክተር (ዳታ የሚይዝበት ትንሿ ክፍል) ሲያጋጥመው በመጠባበቂያ ይተካዋል ሲባል እሰማለሁ፤ ታዲያ ይህ ስለምን አልተተካም? ዲስኩን ለሻጩ ልመልሰው?

መልስ 1

ዋስትናው ሳያልፍ ይመልሱት። አዲስ ዲስክ አንድም ባድ ሴክተር ሊያሳይ አይገባም።

መልስ 2 (የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ፒያሳ)

ከመመለስዎ በፊት ቁጥሩን ማን እንደተናገረ ይለዩ። ስለ ዲስኩ አካል የሚናገረው ዲስኩ ራሱ የሚይዘው የስማርት መዝገብ ሲሆን፣ ቼክዲስክ ያሳየዎት ደግሞ ዊንዶውስ ፋይሎችን የሚያደራጅበት ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው ፋይል ሲስተም በራሱ ስውር ፋይል ውስጥ የሚይዘውን የተበላሹ ክላስተሮች (የሴክተር ስብስቦች) ዝርዝር ነው። ይህ ዝርዝር የፋይል ሲስተሙ አካል በመሆኑ ኢሜጅ ሲወሰድ አብሮ ይወሰዳል፣ ሲመለስም አብሮ ይመለሳል፤ ቤት የቀየረ ሰው የአሮጌውን ጣሪያ የቀዳዳ ዝርዝር ይዞ አዲሱ ጣሪያ ያፈሳል እንደማለት ነው። ክላስተሩ እንደተለመደው 4 ኪሎባይት ከሆነ፣ 64 ኪሎባይት ማለት በአሮጌው ዲስክ ላይ ምልክት የተደረገባቸው 16 ክላስተሮች ናቸው።

ስለ መተካቱ የሰሙት እውነት ነው፤ ነገር ግን ዲስኩ ሲያነብና ሲጽፍ የሚያደርገው አንድ አይደለም። እያንዳንዱ ሴክተር፣ የድሮው ባለ 512 ባይትም ሆነ የአሁኑ ባለ 4096፣ ከዳታው ጋር የስህተት ማረሚያ ኮድ ይዟል። ዲስኩ ሲያነብ ኮዱ ሊያርመው የማይችል ስህተት ካጋጠመው ደጋግሞ ይሞክራል (የእርስዎ ኮምፒውተር የተንቀራፈፈው ምናልባት በዚሁ ምክንያት ነው)፣ ካልሆነለትም ስህተት መሆኑን ለኮምፒውተሩ ያሳውቃል እንጂ ሴክተሩን አይተካም፤ በምትኩ ውስጥ ምን እንደሚጽፍ አያውቅምና። በስማርት ቁጥር 197 ላይ «ውሳኔ የሚጠብቅ» ብሎ ይመዘግበዋል። በዚያው ቦታ ላይ አዲስ ዳታ እንዲጽፍ ሲታዘዝ ግን የድሮው ይዘት ስለማያስፈልግ ይሞክረዋል፤ ከተሳካ ከዚህ ቆጠራ ያወጣዋል፣ ካልተሳካ ወደ መጠባበቂያው ያዛውረውና ቁጥር 5 ላይ ይደምረዋል። መብራት በጽሑፍ መካከል ሲቋረጥ የሚፈጠረው ጉዳት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ የብረቱ ገጽ ደህና ሆኖ ሳለ ዳታውና ኮዱ አልገጠሙም።

እንግዲህ የአዲሱን ዲስክ ቁጥር 5፣ 197 እና 198 (ሊታረሙ ያልቻሉ ሴክተሮች ብዛት) ይመልከቱ። ሦስቱም ዜሮ ከሆኑ ቼክዲስክን በ«ስላሽ ቢ» (/b) ያስኪዱት፤ ይህ ትእዛዝ የድሮውን ዝርዝር አጥፍቶ ዲስኩን እንደገና ይመረምራል። ለ1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ሰዓታት ስለሚወስድ ማታ ሲወጡ ያስጀምሩት፤ ዩፒኤስ ከሌለ ግን መብራት በማያስተማምንበት ቀን አይሞክሩት።

መልስ 3

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ኢሜጁ ነው። ብዙ የኢሜጅ ፕሮግራሞች ስህተትን እንዲያልፉ ሲፈቀድላቸው፣ ያልተነበበውን ሴክተር በዜሮ ሞልተው ይቀጥላሉ። ኢሜጁ ሲመለስ አዲሱ ዲስክ እነዚያን ዜሮዎች እንደማንኛውም ጤናማ ዳታ ይጽፋቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ስማርትም ሆነ ቼክዲስክ ቀዳዳውን ሊያገኘው አይችልም። ፋይሉ ስሙም መጠኑም ሳይለወጥ ውስጡ ይጎድላል። ስለዚህ ኢሜጁ ሲወሰድ የተጻፈውን ሎግ (የሥራ መዝገብ) ይፈልጉ፤ የንባብ ስህተት ተመዝግቦበት ከሆነ በፒችትሪ ውስጥ እያንዳንዱን ድርጅት ከፍተው ትራያል ባላንሱን (የሂሳቦቹን ቀሪ ማጠቃለያ) ቀደም ሲል ከታተመው ወረቀት ጋር ያመሳክሩ።

አሮጌው ዲስክ ላይ ደግሞ ቼክዲስክን ፈጽሞ እንዳያስኬዱ። የታመመን ዲስክ ማድከም ብቻ ሳይሆን፣ ሊገኝ የሚችል ፋይልንም ቆርጦ ሊጥል ይችላል።

ጠያቂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በአዲሱ ዲስክ ላይ 5፣ 197 እና 198 ዜሮ ናቸው፤ በአሮጌው ላይ ግን 197 ዜሮ አይደለም። በ«ስላሽ ቢ» ከተመረመረ በኋላ 64 ኪሎባይቱ ጠፍቷል። ሎጉ ውስጥ የታለፉ ሴክተሮች ስላሉ አንዱን ድርጅት ሳመሳክር የግንቦት ወር ደረሰኞች አልገጠሙም። አሮጌውን ዲስክ እንደገና ማንበብ ይጠቅማል?

መልስ 3

ይጠቅማል። በሊኑክስ ላይ ጂኤንዩ ዲዲሬስኪው የሚባለውን ይጠቀሙ፤ በቀላሉ የሚነበበውን አስቀድሞ ያወጣል፣ ያልተነበበውን በካርታ ፋይል ይመዘግባል፣ ከዚያ ወደ አስቸጋሪዎቹ ተመልሶ ይሞክራል፤ መብራት ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል። ኮፒውን አሁን ከሚሠሩበት ዲስክ ላይ ሳይሆን በሌላ ባዶ ዲስክ ላይ ያውጡት። የግንቦቱ ፋይል ከዚያም ካልተገኘ፣ ከፒችትሪ ከራሱ የተወሰደ የሚያዝያ መጨረሻ ባክአፕ ካለ በእሱ ላይ የግንቦትን ደረሰኞች ከወረቀቱ እንደገና ማስገባት ነው የሚቀረው።